አዲስ ዓለምን በእግር

ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል። እኛ ግን ከቡሬ በባሕር ዳር በኩል ጎንደር እንደገባን ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር በእግራችን ወረድን። ሰፈሩ በቀድሞ ስሙ «እስላም ቤት» ይባላል፤ የነጋዴዎችና የሸማኔዎች መኖሪያ ነበር።

በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሚገርመው ግን፣ በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳንና የዘመቻ ጓዝ የሚይዙት ከቀሃ ወንዝ ማዶ የሚኖሩት ሙስሊሞች እንደነበሩ ጽፏል። መኖሪያቸው ተለየ፤ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ግን በእጃቸው ነበር!

ወጣቶች፣ ጎንደር ስትሄዱ ከግንቡ በር አትመለሱ። ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አርፈናል።