አስተውሎት ያልነው መሣሪያ

ወገኖቼ ተማሪዎች፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስም ለመሣሪያው ከሚገባው በላይ ክብር ሰጥቶታል። ኮምፒዩተሩ አያስተውልም፤ ብዙ ምሳሌ ይቀርብለታል፣ ከምሳሌው የቁጥር ልማድ ያወጣል፣ በዚያም ልማድ ቀጣዩን ይገምታል። ምሳሌው «ዳታ»፣ ልምምዱ «ሥልጠና»፣ የተገኘው ልማድ «ሞዴል» ይባላል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ወሎ ሰፈር የሚወርድ መንገደኛ በታፔላው ላይ «ሰፈር» ቢጻፍ «ሠፈር» ቢጻፍ አይደናገርም። ለኮምፒዩተሩ ግን ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ድምፅ መሆናቸውን የሚለየው ሰው ካስተካከለለት ወይም በብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ከተለማመደ ነው። ጽሑፋችን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ በፊደል ብቻ አይቀርም። የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ መሣሪያዎች በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 ከመቶ አላለፈም።

እንግዲህ «ባዕድ ሠራው» እያሉ ማማረር አይበቃም። ጽሑፋችንን እንሰብስብ፣ እንረም፣ ለማንና ለምን እንደምንሰጥም እንወስን። እኛ ዝም ብንል ስለ እኛ የሚያስተምረው ሌላ ነውና!