ሳያነቡ «ጥሩ ነው» ማለት መዋደድ አይደለም

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ግማሹ ቁጣ በራሴ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ።

ባለፈው እሁድ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው)። አሁን ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። «ቲቸር፣ ጉድ ሆንኩልህ» አለኝ። የቡድን መሪው የጻፉት ኮድ እንዲያየው ተላከለት፤ እሱ አንድ መስመር ሳያነብ «አፕሩቭ» ብሎ አሳለፈው። ኮዱ ሥራ ላይ ሲውል ደንበኞች ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ተቆረጠባቸው። «ለምን አላነበብከውም?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኧረ ቲቸር፣ እሳቸውን እኮ ነው! እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበላቸው?»

ያናደደኝ ይሄ ነው።

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ባጭሩ፦ አንድን ፕሮግራም አሥር ሰው ሲጽፈው ፋይል በፍላሽ እየተቀባበሉ አይሆንም። ጊት የሚባል መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ በራሱ ብራንች ይሠራል፤ ኮሚት ባደረገ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ይመዘገባል። ሲጨርስ ሥራው ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌላ ሰው አንብቦ ይጠይቃል፣ ያርማል። ሪቪው ማለት ይሄ ነው። የተበላሸ ኮድ ቢገባ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ከደንበኛ ኪስ የወጣን ገንዘብ ግን ጊት አይመልስም።

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ለሊነክስ ከርነል ነው። እዚያ የሰው ኮድ የገመገመ ሰው «ገምግሜዋለሁ» ብሎ ስሙን ከኮዱ ታሪክ ጋር ያስቀምጣል። ፊርማ ነው። እኛ ግን ፊርማውን የሰላምታ ያህል አቀለልነው።

አንብበውም እንኳን ያመልጣል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የወጣውን ሃርትብሊድን አስታውሱ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ አንድ የርዝመት ማረጋገጫ ተረስቶ፣ ኮዱ በሌላ ሰው ታይቶ አለፈ፤ የሰርቨሮችን ሚስጥር ለሁለት ዓመት ያህል ክፍት አድርጎ ቆየ። ያየው ሰው ካመለጠው፣ ያላየውማ ምን ሊሆን ነው?

«ሰው ፊት ማረም ማዋረድ ነው» የምትሉ አላችሁ። አይደለም። የሚታረመው ኮዱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ስድብም ሪቪው አይደለም፤ በሻካራ አፉ የሚታወቀው ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይቅርታ ጠይቋል። ግን ስድብን ፈርቶ ዝም ማለትም መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለአምስት ተማሪ የቡድን ሥራ እሰጣለሁ፤ አንዷ ጎበዝ አምሽታ ትሠራለች፣ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። እኔም እያወቅኩ ለአምስቱም እኩል ማርክ ሰጥቻለሁ። ያ ልጅ ታዲያ ምን አጠፋ? ክፍል ውስጥ ሳይሠራ ስም ማስጻፍ ለመደ፣ ቢሮ ሄዶ ሳያነብ አጸደቀ። ያስተማርኩትን ነው የሠራው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ «ኔት የለም» አትበሉኝ። ጊት አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒውተር ካልበቃ በደብተር ይሁን፦ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው በእርሳስ ስህተቱን ይፈልግ። እኔ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለጻፈው ብቻ ሳይሆን አንብቦ ላረመውም ማርክ እሰጣለሁ።

አንተም የኔ ልጅ፣ ሰኞ ቢሮ ስትገባ «ተሳስተዋል» ማለት ከከበደህ «ይቺ መስመር አልገባችኝም፣ ቢያስረዱኝ» በል። አክብሮትም ነው፣ ሥራም ነው። እሳቸውም ቅን ከሆኑ ያመሰግኑሃል።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ። ላይክ የምታደርጉም እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡት።