የቅርብ ጎረቤት

ባለፈው ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «አንተ ሰው፥ እስከ መቼ ነው በዚያ በተክለ ሃይማኖት ጓሮ ውስጥ ተጨናንቀህ የምትኖረው? እኔ ጋ ናና አንድ ላይ እንኑር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው፤ ኪራዩንም እኩል ብንካፈለው አሁን ከምትከፍለው አይበልጥብህም።» ቤቱ ያለው ከከተማው ዳር፥ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ልቤን ሳበው። «የራስ መታጠቢያ ቤት» የሚለው ቃል ጧት ጧት ባልዲ ይዞ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የደረሰበት ያውቀዋል። «አስቤበት እነግርሃለሁ» አልሁትና ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ሰነበትሁ። ያሰብሁትንም ለእናንተ ላካፍል የወደድሁት፥ ከመካከላችሁ ትምህርቱን ጨርሶ ወይም ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ቤት የሚፈልግ፥ የመጀመሪያ ደመወዙንም በጣቱ የሚቆጥር ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በሒሳብ መረመርሁት። ባልደረባዬ ከቤቱ የሚወጣው ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ተሰልፎ፥ ተሳፍሮ፥ መንገድ ላይ ቆሞ ትምህርት ቤት እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ መመለሻውም እንደዚያው ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ማለት በወር 22 የሥራ ቀን ቢቈጠር 66 ሰዓት ነው። እኔ ግን ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሬ 25 ደቂቃ ስለሚፈጅብኝ፥ የወሩ ድምር ከ18 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 48 ሰዓት፥ ይኸውም በየወሩ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ነው። በዚህ ጊዜ ስንት የፈተና ወረቀት ይታረማል! ስንትስ መጽሐፍ ይነበባል! የመሳፈሪያው ገንዘብ ሲጨመርበት ደግሞ ርካሽ የመሰለው ኪራይ ርካሽ አለመሆኑ ይታያል። ስለዚህ ቤት የምትፈልጉ ሁሉ ባለቤቱን «ኪራዩ ስንት ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን «ከሥራዬ ስንት እርምጃ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ተክለ ሃይማኖት በእግር ለሚሄድ ሰው የተመቸ ሰፈር ነው። በአንድ ወገን መርካቶ፥ በሌላው ወገን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ብሔራዊ ቴአትር፥ ቁልቁል ሲሉ ልደታና ሜክሲኮ አደባባይ፥ ሽቅብ ሲሉ ፒያሳ አለ፤ ሁሉም በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በአብነትና በዳርማር በኩል ስለሚያልፍ፥ ራቅ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ወደዚያ ወረድ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ዳቦ ቤቱ፥ ወፍጮ ቤቱ፥ ልብስ ሰፊው፥ ጫማ ጠጋኙ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። አንድ ሱሪ ለማሳጠር ግማሽ ቀን የሚያባክን ሰው እዚህ የለም።

ከዚህም በላይ ደመወዝ ወር ሳይሞላ የሚያልቅበት ሰው ማወቅ የሚገባው አንድ ምሥጢር አለ። የሰፈራችን ባለሱቅ ዘይቱን በሲኒ፥ ስኳሩን በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ ይሸጣል፤ ወሩ ሲጋመስም በዱቤ ይሰጣል። ለዚህ የሚጠይቀው ዋስ ወይም ማኅተም የለም። ዋሱ በየቀኑ በደጁ ማለፌ ነው። ጧት «እንዴት አደርህ ቲቸር» ይለኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ጋሼ» እላለሁ፤ ይኸው ሰላምታ ሲደጋገም እምነት ሆነ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን የመሰለ ባንክ ከየት ያገኛል?

ታዲያ ይህ ሰፈር እንዲህ ሊሆን የቻለው በአንድ ጊዜ ታቅዶ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ፤ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፥ ባለሟሉና ባለሙያው ሁሉ ሰፈረ። «ሰፈር» የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ በጥንቱ አዲስ አበባ ሀብታሙና ድሃው አጥር ለአጥር ይዋሰኑ ነበር። ከፒያሳ ወደ መርካቶ አቅጣጫ በሚወስደው መንገድ ያለው ድልድይ እስከ ዛሬ የሚጠራው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር በሆኑት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ነው። ኋላም ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘበት ዘመን፥ አገሬውን ከነጮቹ ለመለየት ብሎ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶም ተባለ። ለመለያየት የተደረገው ነገር ግን ተክለ ሃይማኖትን የገበያና የከተማ መገናኛ በር አደረገው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ደግሞ ከጎጆዎቹ ብዙዎቹ በጥቂት ብር የሚከራዩ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። በዚህ ምክንያት ትንሽ ገቢ ያለው ሰው በከተማው እምብርት መኖር ቻለ።

ይህን ሁሉ ስል ግን ሰፈሩን ገነት አስመስዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፥ መተላለፊያውም ጭቃ ይሆናል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ስለ ሆነ የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። ከሁሉም የሚያስፈራው እሳት ነው፤ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ስለ ሆኑና የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ቀጭን መንገድ ስለሚበዛ አንዱ ከተያያዘ ለሌላው ይተርፋል። እንዲህ ያለውን ኑሮ «ባህላችን ነው» ብሎ ማሞገስ፥ በዚያ ውስጥ ልጅ በሚያሳድጉ እናቶች ላይ መቀለድ ነው። ቤቶቹ መታደስ አለባቸው፤ በዚህ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ ጄን ጄኮብስ ስለምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ተምሬአለሁ። ይህች ሴት በኒው ዮርክ ከተማ በግሪንች ቪሌጅ ሰፈር ትኖር ነበርና፥ በ1961 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ከተማ ኑሮ የብዙ ሰው አስተሳሰብ ለወጠች። የክርክሯ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። መንገድን ከሌባ የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ በሱቅ ደጅ የተቀመጠው፥ በመስኮት የሚመለከተው፥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ሰው ዓይን ነው። አሮጌ ቤቶችም ኪራያቸው ዝቅተኛ ስለ ሆነ አነስተኛ ነጋዴ ሥራ የሚጀምርባቸው ናቸው። በቅርቡ ደግሞ ካርሎስ ሞሬኖ የተባሉ ፕሮፌሰር፥ የከተማ ነዋሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ በ15 ደቂቃ ጉዞ ውስጥ ያግኝ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ የፓሪስ ከተማም በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህንኑ ሐሳብ ያዘች። አንባቢዎቼ፥ ፓሪስ በብዙ ገንዘብ የምትፈልገው ይህ ነገር የሰፈራችን ባለሱቅ ስሙን ሳይሰማ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑንም አትርሱ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁት ለባልደረባዬ መልስ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓመት የደረሰብኝን ካልነገርኋችሁ እውነቱ ጎዶሎ ይሆናል።

በግቢያችን በር አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ» እላቸው ነበር። ቁልፌን ለእርሳቸው ትቼ እሄዳለሁ፤ ውሃ በመጣ ቀን ባልዲዬን አስሞልተው በደጄ ያስቀምጡልኛል። አንድ ጊዜ በክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ሳልወጣ ብቀር፥ በሩን አንኳኩተው የገቡት እርሳቸው ናቸው። አጥሚት ሠርተው አመጡልኝ፤ አልጠጣም ብል እንደ ሕፃን ተቈጡኝ።

አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የዕድር ጡሩንባ ተነፋ። እኔ የዕድር አባል ስላልነበርሁ ጡሩንባው እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም፤ ማዳመጫዬን በጆሮዬ ሰክቼ፥ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ። ረፋድ ላይ ስወጣ ድንኳን ተተክሏል፥ ሰውም በአግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፒያሳ ቀጠሮ ስለ ነበረኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ። ማታ ስመለስ ሽንኩርቱ የሚደረደርበት ቦታ ባዶ ነበር። ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ «ጋሼ፥ እማማ ዛሬ አልወጡም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተኝና «ቲቸር፥ ጧት በድንኳኑ አጠገብ ስታልፍ አይቼህ ነበር እኮ» አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ድንኳኑ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ፤ ሙሉ ስማቸውንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ ነው። ቁልፌን ያስቀመጡልኝን፥ ያስታመሙኝን ሰው ስማቸውን ያወቅሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄጄ ልመዝገብ አልኋቸው። እርሳቸውም መዝገባቸውን ገልጠው ብዕራቸውን አነሡና «መልካም ነው ልጄ፤ ስምህን ማን ልበል?» አሉኝ። ለካ እኔም ለእነርሱ «ቲቸር» ብቻ ነበርሁ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግድግዳ መጋራት ብቻውን ጎረቤት አያደርግም። በእግር የሚኬድበት ሰፈር የሚሰጠን ዕድሉን ብቻ ነው፤ ሰላምታውን፥ የወር መዋጮውን፥ በለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ መቀመጡን የምናደርገው እኛው ነን። እኛ የተማርነው ወጣቶች በተለይ፥ ከሰፈሩ ምቾቱን ወስደን ሸክሙን ለአሮጊቶች የምንተው እንዳንሆን እፈራለሁ።

የከተማ ማደስ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ተሠሩ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በፒያሳ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ነባር ሰፈሮች ተነሥተው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተዘረጋ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በላዩ የሚሄዱት ሰዎች ሩቅ ቦታ ተወስደው ከሆነ መንገዱ ለማን ነው? ዕድር ድንኳኑንና ወንበሩን በመኪና ጭኖ ሊሄድ ይችላል፤ አባላቱ በአራት አቅጣጫ ከተበተኑ ግን ጡሩንባው ለማን ይነፋል? ከእናንተ መካከል በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ፕላን የምትነድፉ፥ ዝርዝር የምትመዘግቡ፥ ደብዳቤ የምትጽፉ አላችሁ። ቤት ሲቈጠር ጉርብትናውም አብሮ እንዲቈጠር፥ ሰውም ከተቻለ ከነጎረቤቱ በቅርቡ እንዲሰፍር በሚደርሳችሁ ወረቀት ላይ አሳስቡ። ይህ በጀማሪ ጸሐፊ እጅ እንኳ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ለባልደረባዬም ሰኞ ዕለት መልሴን ነገርሁት። «አልመጣም፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከፊት ለፊትህ ካለው በር ውስጥ የሚኖረው ሰው ስሙ ማን ነው?» አልሁት። ጥቂት አሰበና እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም እንደማልፈርድበት፥ ባለፈው ዓመት እኔም እንደ እርሱ እንደ ነበርሁ ነገርሁት።

እናንተስ፥ አንባቢዎቼ? ይህን ገጽ አጥፋችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኙትን ጎረቤት ስሙን ጠይቁት። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።