ካርታው አልተሳሳተም

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ሐዋሳ ተወልጄ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ዋና የለመድኩት አሞራ ገደል ነው፤ ከክፍል ፎርፌ የተጋደምኩት ታቦር ተራራ ላይ ነው፤ የአሳ አጥንት ዓይኔን ጨፍኜ እለቅማለሁ። የሐይቅ ልጅ ነኝ በአጭሩ። ባለፈው ጥር ግን ሁለት ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ስለገዛ ከተማዬ ፈተኑኝና ወደቅኩ።

ባልና ሚስት ናቸው። አልጋና ምድጃ ያለው ካራቫን እየነዱ በሞያሌ ገብተው፣ በዲላ በኩል ቀስ ብለው መጥተው ሐይቁ ዳር ቆመዋል። ሴትየዋ አንድ ያረጀ ካርታ ዘረጋችና ጣቷን ከከተማው ምሥራቅ አሳረፈች። «ትልቁን ሐይቅ አየነው። ይቺ ትንሿስ የት ናት?» ጨለለቃ ይላል ጽሑፉ። እኔ ሆዬ፣ የአገሬው ሰው ብቻ ባለው ድፍረት፣ «ካርታው ተሳስቷል» አልኳት።

ነገሩ ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ወደ ጥቁር ውኃ ሄድኩ። ከመንገዱ ገባ ብዬ ከብት የሚያግዱ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባባ፣ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ የት ነው?» አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ቆመህበት እኮ ነው የምትጠይቀኝ፣ ልጄ።»

ይኸውላችሁ! እ.ኤ.አ. በ1972 ጨለለቃ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ እሱም አብሮ አለቀ፤ ሣርና ጭቃ ሆነ። በምሥራቅ ያለው ተራራ ደኑ ተመነጠረ፣ አፈሩ በጎርፍ ወረደ፣ ደለሉ ሞላው። ከረግረጉ የሚወጣው ጥቁር ውኃ ወንዝ ዛሬም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይፈሳል፤ ክረምት ከበጋ ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ያመጡለትን ሁሉ ውጦ ይቀመጣል። ጨለለቃ ድሮ ያስቀረው የነበረ ደለል አሁን ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ፍቅር ሐይቅ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ የምትንሸራሸሩበት ያ ከፍ ያለ የሐይቅ ዳር መንገድ ለፍቅረኞች ታስቦ የተሠራ መስሏችኋል? ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራ መከላከያ ግድብ ነው።

አንድ ሙሉ ሐይቅ ከከተማችን ደጃፍ ጠፋ፤ እኛ ደግሞ መጥፋቱን ሳናውቅ አደግን። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ በጥቁር ውኃ ድልድይ ላይ ያልፋል። አንዲት ታፔላ የለችም። በተማርኩበት ትምህርት ቤት የቪክቶሪያ ሐይቅን ስፋት ሸምድጄ ተፈትኛለሁ። የጨለለቃን ስም የነገረኝ አስተማሪ ግን የለም።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ። የአዲስ አበባ ልጅ ሐዋሳን «የሚያውቃት» እንዲህ ነው፦ ዓርብ 275 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ቅዳሜ ጠዋት አሳ በአዋዜ፣ ከሰዓት ጀልባና ጉማሬ፣ ማታ ጭፈራ፣ እሑድ መልስ። ሰኞ ቢሮ ገብቶ «ሐዋሳ ከሐይቋ በቀር ምን አላት?» ይላል። ከእሱ የምንብሰው ግን እኛው ነን። እንግዳ ሲመጣብን አባ ኮዳውን፣ ጉሬዛውን፣ ሪዞርቱን አሳይተን «በቃ ይኸው ነው» ብለን እንሸኛለን። ብሮሹሩም ከእኛ የተሻለ ነገር የለውም፤ ከሐይቅ ጀምሮ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ሐዋሳ ራሷ የሦስተኛ ትዳር ልጅ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የሲዳሞ ዋና ከተማ መጀመሪያ ደጋ ላይ ነበረች፤ ደጃዝማች ባልቻ የከተሙባት ሀገረ ሰላም። ቀጥሎ ወደ ይርጋለም ወረደች። ቀጥሎ ደግሞ ሐይቁ ዳር ደረሰች። ሐዋሳን በ1952 ዓ.ም. የቆረቆሯት የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። ከእሳቸው በፊትም ቦታው ስም አልባ ሜዳ አልነበረም፤ ሲዳማዎች አዳሬ ይሉት ነበር። አዳሬ ሆስፒታል ስትታከሙ ያንን የድሮ ስም እየጠራችሁ ነው። ከቁልቁለቱ ጋር አብራ የወረደችውን ከተማ ታሪክ ለማየት ይርጋለም ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማን ሄደ?

ጉዱማሌንም ልጨምር። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በበዓሉ ቀን ፎቶ የሚነሳው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ቀኑ ለምን በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ ጠይቁት እስቲ። አያንቶዎቹ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው እንደሚወስኑት የሚነግራችሁ ከአሥር አንዱ ነው (ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ጥናት አላደረግኩም)።

ፈረንጆቹ ሌላም ጉድ አሳይተውኛል፤ በካሜራቸው። በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ባለ ቋጥኝ ላይ የተቀረጹ ላሞች፦ ሃምሳ ያህል፣ ተከታትለው የሚሄዱ፣ ቀንዳቸው የረዘመ፣ ጡታቸው የከበደ። ለጠባቂ ሲጮህባቸው የሚሰሙ ይመስላሉ። «ይሄ የት አገር ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አፌን በያዘኝ! ሸፔ ነው። ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዲላ አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአካባቢው ገዥ አማካይነት ለተመራማሪዎች የታወቀ ቅርስ፣ እኔ ከፈረንጅ ካሜራ አየሁት።

እዚያው ጌዴኦ ውስጥ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ አሉ። ተመራማሪዎች በዞኑ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ከ10,000 በላይ ይሏቸዋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናውና እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ከነትክል ድንጋዮቹ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ገባ። ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ «እንኳን ደስ አለን» ያላልን አልነበረም፤ እኔም ብያለሁ። አይቼው ግን አላውቅም። ብዙዎቹ ድንጋዮች ወድቀዋል፣ ተሰባብረዋል። ጨለለቃን ያየ ሰው የወደቀ ድንጋይ አያስደነግጠውም አትበሉኝ፤ እንዲያውም ይበልጥ ነው የሚያስደነግጠው።

«ይሄ የጥጋበኛ ፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ እኛ ካራቫን የለንም» የሚል አይጠፋም። አያቶቻችን በበቅሎ ሲራራ ሲነግዱ እያንዳንዱን ወንዝና ማደሪያ በስሙ ይጠሩት ነበር። ካራቫን ማለት ያው ሲራራ ነው፤ እኛ ነን በቅሎዋን ሸጠን ስሙን የረሳነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ መልካም ነው፣ አልቃወምም። መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን ግን ጭራሽ አላፊ ያደርገናል። ሻሸመኔ ላይ እንኳ፣ ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት 200 ሄክታር መሬት ባለበት ከተማ፣ ወርደን የምናውቀው ትራንስፖርት ለመቀየር ነው። ደግሞስ ገንዘቡ? ለአንድ ቅዳሜ አሳና ቢራ የምናወጣው ዲላ አድርሶ ይመልሳል።

የምጠይቀው ሙዚየም አይደለም። ጥቁር ውኃ ድልድይ አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ፦ «እዚህ ሐይቅ ነበር» የምትል። ይህችን ለመጻፍ ኮሚቴ አይቋቋምም፣ በጀት ዓመት አይጠበቅም። የከተማዋ ሹሞች ካልጻፏት ቀለምና ብሩሽ ከእኔ።

መልሱን ይዤ ስመለስ ካራቫኑ የለም። ሴትየዋን ይቅርታ የምልበት አድራሻ አልወሰድኩም።

የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሸፔ ልንሄድ ነው። አራት ነን፤ አራታችንም የዚህችው ከተማ ልጆች፣ አንዳችንም አላየነውም። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ። ለአንድ ሰው ቦታ አለን።