ሞትን ማታለልና ቤትን ማሰናዳት

ወጣቶች ልጆቻችን ማታ ማታ በየስልካቸው ከሚመለከቷቸው የውጭ አገር ፊልሞች አንዱ «ፋይናል ዴስቲኔሽን» የሚባለው ነው፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የመጨረሻው መድረሻ» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ ስድስተኛው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ታየ። በዚህ በ25 ዓመት ውስጥ አባት በጕብዝናው ያየውን ዛሬ ልጁ እያየው ይገኛል። ነገሩን «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን ፊልሙ የሚናገረው ስለ ሞት ነው፤ ልጅም ስለ ሞት ከወላጁ ሳይሰማ ከፊልም የሚማር ከሆነ፥ ምን እንደ ተማረ መጠየቅ የቤተ ሰብ ተግባር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጓደኞቹና ከመምህራኑ ጋራ ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ ለመሄድ በአውሮፕላን ይሳፈራል። በወንበሩ ተቀምጦ ሳለ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሲፈነዳ በራእይ ያያል። ደንግጦ ይጮኻል፤ ጠብ ይነሣል፤ በዚህም ምክንያት እርሱን ጨምሮ 7 ሰዎች ከአውሮፕላኑ ይወርዳሉ። ጥቂት ቆይቶም አውሮፕላኑ እንዳየው ይሆናል። ተረፉ ሲባል ግን ሞት እንደ ተካደ አበዳሪ መዝገቡን ይዞ ይመጣል፤ አንዱን በመታጠቢያ ቤት፥ አንዷን በአውራ ጎዳና፥ ሌላይቱን በገዛ ማድ ቤቷ እያደነ በተራ ይለቅማቸዋል። ከዚያ በኋላ የወጡት ክፍሎችም ሥፍራውን እየለወጡ ይህንኑ ይደግሙታል።

ደራሲው ጄፍሪ ሬዲክ ሐሳቡን ያገኘው ካነበበው አንድ ጽሑፍ እንደ ሆነ ተናግሯል። አንዲት ሴት ለዕረፍት ርቃ ሳለች እናቷ ልቧ ስለ ፈራ ደውላ በነገው አውሮፕላን እንዳትሳፈር ለመነቻት፤ ልጅቱም በረራዋን ለወጠች፤ ልትሄድበት የነበረው አውሮፕላንም ወደቀ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ አስፈሪ ታሪክ ዘሩ የአንዲት እናት ጭንቀት ነበረ። እናቲቱ የተጨነቀችው ለራሷ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ነው። ፊልሙ ግን ይህን የፍቅር ማስጠንቀቂያ ወስዶ ሰው ራሱን የሚያድንበት ምስጢር አደረገው። እንደ እኔ አስተያየት የፊልሙ ስሕተት የሚጀምረው ከደሙ ሳይሆን ከዚህ ነው።

በእኛም አገር ይህን የመሰለ አስተሳሰብ አይታጣም። «የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል» እንላለን፤ ፊልሙም ይህንኑ ተረት በሥዕል የዘረጋ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው አንደበታችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን። አንደኛው ቃል ሰውን እጁን አጣምሮ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ቅጠል ቈርጦ እንዲሮጥ ያደርገዋል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ከሁለቱ በየትኛው እንደሚሄድ በገዛ ሰፈራችን የሚያስረዳ ምሳሌ ስላለን እርሱን እንመልከት።

በጉለሌ «ፓስተር» የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የለም። ስሙ የመጣው በዚያ ከቆመው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚያው ሥፍራ ይገኛል። በዚህ ግቢ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል ሲዘጋጅ ኖሯል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው በዚያ ዘመን ከ2 ሳምንት ላላነሰ ጊዜ በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ሕመሙ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ሰዎች ይታገሡት ነበር።

ይህ በሽታ ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለው። ምልክቱ ከታየ በኋላ፥ ማለት ሕመምተኛው ውኃ መፍራትና መወራጨት ከጀመረ ወዲያ፥ የሚድን የለም ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ከንክሻው እስከ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ያህል ያልፋል፤ በዚህ መካከል ክትባቱን በጊዜው ጀምሮ በሙሉ የወሰደ ሰው ይድናል። እንግዲህ ንክሻው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የቀሩት ቀኖች ደግሞ የሥራ ቀኖች ናቸው። የመድኃኒቱ ጀማሪ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በፓሪስ መጀመሪያ በዚህ ክትባት ያዳነው ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ወደ ሐኪሞቹም ይዛው የመጣችው እናቱ ነበረች። ልጁ አድጎ የዚያው የፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ከሞት ካመለጡ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ራሳቸውን መጠበቅ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ግን በተጨመረለት ዕድሜ እርሱ የዳነበትን ቤት ለሌሎች ጠበቀ።

አሁን ከጉለሌ ተነሥተን ወደ ቦሌ እንሻገር፤ ማስጠንቀቂያ ደርሶ ሳይሠራበት የቀረበትን ነገር የምናየው በዚያ ነውና። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጧት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ከ6 ደቂቃ በኋላም በቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በሚባለው ሥፍራ ወደቀ። ከ30 የሚበልጡ አገሮች ሰዎች የነበሩ 157 ነፍሳት በሙሉ አለቁ። በሳምንቱ እሑድ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጸሎተ ፍትሐት ሲደረግ በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑት ሣጥኖች ባዶ ነበሩ፤ የሚቀበር አካል ገና አልተለየም ነበርና።

በዚያ ዕለት ሊሳፈር የነበረ አንድ ግሪካዊ፥ የዓለም አቀፍ የደረቅ ቆሻሻ ማኅበር ፕሬዚዳንት፥ በሩ ከተዘጋ በኋላ በ2 ደቂቃ ዘግይቶ ስለ ደረሰ ተከለከለ። ያስገቡት ዘንድ ይጮኽ እንደ ነበረም ራሱ ተናግሯል። ይህ ሰው ራእይ አላየም፤ ሕልም አላለመም፤ በመዘግየቱ ብቻ ተረፈ። ታዲያ እግዚአብሔር እርሱን መርጦ 157ቱን ጠላ እንላለንን? እንዲህ የሚል ሰው በሐዘንተኞች ፊት አይቁም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ የሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በግልጥ አስተምሯል። የተረፈ ሰው ማመስገን ይገባዋል፤ መመካት ግን አይገባውም።

ነገር ግን በዚህ አደጋ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. አንድ የኢንዶኔዥያ አውሮፕላን፥ ያውም የዚያው የቦይንግ 737 ማክስ ዐይነት፥ ከ189 ሰዎች ጋራ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር። ምክንያቱም ኤምካስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት በአንድ መለኪያ ብቻ እየተመራ፥ መለኪያው ሲሳሳት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መድፋቱ ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሞያዎች፥ ሥርዐቱ ሳይስተካከል ቢቀር በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ውስጥ ወደ 15 የሚሆን ሌላ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስልተው ነበር። ይህ ቅዠት አይደለም፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስሌት ነው። ለአብራሪዎች መመሪያ ተላከ፤ ማስተካከያው እስኪዘጋጅ ድረስ ግን አውሮፕላኖቹ እየበረሩ ይቆዩ ተባለ። ከ4 ወር ከ12 ቀን በኋላም የእኛው ወደቀ። ሥርዐቱ በሁለት መለኪያ እንዲመራ ሆኖ የተስተካከለው በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው፤ ቅጠሉ የተቈረጠው ቤቱ ከተቃጠለ ወዲያ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን እንዲያስተውሉት የምንሻው ይህ ነው። ሞት በጨለማ ተደብቆ ስም እየጠራ የሚያድን አዳኝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያው በቀን ብርሃን፥ በሁሉ ፊት፥ በተራ ነገር ይመጣል፤ ተራ ስለ ሆነም ይናቃል። ራእይ ያየ ሰው ብርቅ ነው፤ የሰማውን ሰምቶ የሠራ ሰው ግን ከዚያ ይልቅ ብርቅ ነው።

በመጽሐፍ ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ የተጻፈውን እናስታውስ፤ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ይገኛል። ንጉሡ ታሞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚሞት ነገረው፤ ቤቱንም እንዲያሰናዳ አዘዘው። ሕዝቅያስ ሞትን ለማታለል አልሞከረም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፥ ጸለየም፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ልብ እንበል፤ ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዝዟል። ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አልሻረም። በውሻ የተነከሰ ልጅ ይዞ «ጠበል አለን» ብሎ ከሐኪም የሚቀር ሰው ቢኖር ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብብ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ሕዝቅያስ በተጨመሩለት ዓመታት የባቢሎን መልእክተኞች በመጡ ጊዜ የቤተ መዛግብቱን ሁሉ በትዕቢት አሳያቸው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበረ፤ ስለዚህ በእነዚያው ዓመታት የተወለደ ነው፤ ከይሁዳ ነገሥታትም እንደ እርሱ የከፋ ጥቂት ነው። የዕድሜ መጨመር ብቻውን በረከት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሰው ከሞት ማምለጡ መጀመሪያ ነው፤ ካመለጠ በኋላ በቤቱ ማንን እንዳሳደገና ምን እንደ ሠራ ይጠየቃል።

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ይህን ፊልም ያየ እንደ ሆነ በቍጣ አትቀበሉት፤ የፈራ ልጅ ቍጣ ሲጨመርበት ፍርሃቱን ይደብቃል እንጂ አይተወውም። ከእርሱ ጋራ ተቀምጣችሁ ታሪኩን ይንገራችሁ። ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሰዎች በተረፉበት ጊዜ ለማን እንደ ጠቀሙ ጠይቁት። በስድስተኛው ፊልም ቶኒ ቶድ የተባለው ተዋናይ ስለ ሕይወት ክቡርነት የሚናገራቸው የስንብት ቃላት የገዛ ራሱ እንደ ሆኑ አዘጋጆቹ ገልጠዋል፤ ሰውየው በዚያን ጊዜ በጽኑ ታሞ ነበር፤ ፊልሙ ከመታየቱ በፊትም በዚያው በ2017 ዓ.ም. ዐረፈ። ሞት በእውነት የቀረበው ሰው ስለ ወጥመድና ስለ ማምለጫ ሳይሆን፥ ስለ ቀሪው ቀን ውድነት መናገሩን ለልጃችሁ አሳዩት።

ከዚያም ወደ ቤታችሁ ማስጠንቀቂያዎች ተመለሱ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በሚጠናበት ሌሊት የከሰል ምድጃ አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ቤተ ሰብን በሙሉ ሊገድል ይችላል። «ጭሱ ወጥቶለታል፥ ፍሙ ቀልቷል» ማለት አያድንም፤ ገዳዩ አየር ሽታም መልክም የለውምና። ውሻ ወይም ድመት የነከሰው ልጅ ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡለት፤ ሳትውሉ ሳታድሩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትን ክትባት ሳያጓድል ይጨርስ። ከጎረቤት ጋራ የተጣላ ይታረቅ፤ የሰው ገንዘብ ያለበት ይክፈል፤ ይህም ቤትን ከማሰናዳት ይቈጠራል።

ክፉ ሕልም አይታ የደነገጠች እናት ብትኖር አናፌዝባትም፤ ልጇን ወድዳ ነውና። ነገር ግን ሕልሟ እስኪመጣ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ከመተኛቷ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ታውጣ፥ መስኮቱንም ጥቂት ትክፈት፤ ከዚያም ጸሎቷን አድርሳ በሰላም ትተኛ።