የኒውትሪኖ ምርምርና የተመራማሪዎች የሥራ ልምድ ማስረጃ

በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ ከምድር በታች 700 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የተተከለው «ጁኖ» የተሰኘው የኒውትሪኖ መመርመሪያ ከኦገስት 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መረጃ በመሰብሰብ ላይ ይገኛል። ዜናው የፊዚክስ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ሆኖም በውጭ ሀገር ያካበቱትን የምርምር ልምድ በማስረጃ አስደግፈው ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል ለሚያመለክቱ ዜጎች የሚያስነሣው ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ባለ ግዙፍ ሥራ ውስጥ የአንድ ሰው ድርሻ በምን ይለካል?

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ ከቁስ አካል ጋር እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጋጭ ቅንጣት ነው። ጁኖ 20,000 ቶን ልዩ ፈሳሽ ይዞ፣ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቁ ሁለት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች የሚፈልቁትን ቅንጣቶች ቢጠባበቅም በቀን የሚይዘው በአሥሮች የሚቆጠሩትን ብቻ ነው። በግጭቱ የሚፈጠረውን ደካማ ብልጭታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጡት የብርጭቆ ቱቦዎች ናቸው፤ ትልልቆቹ ብቻ 20,000 ያህል ይደርሳሉ።

ፕሮጀክቱ የጸደቀው በ2013፣ ግንባታው የተጀመረው በ2015 ነው። በመሆኑም በመካከሉ ገብቶ ቱቦ ሲፈትሽና የፈሳሹን ንጽሕና ሲለካ የቆየ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከመሣሪያው የተገኘ አንድም መረጃ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ልምዱ ጎዶሎ ነውን? አይደለም። በጃፓኑ ሱፐር ካሚዮካንዴ ኖቬምበር 12 ቀን 2001 አንድ ቱቦ ፈንድቶ በውኃው ውስጥ የፈጠረው የግፊት ሞገድ ከ6,000 በላይ ቱቦዎችን በተከታታይ አወደመ። ይህ መመርመሪያ ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ እንዳለው በ1998 ያስረዳ፣ በኋላም ታካኪ ካጂታን ለ2015 የኖቤል ሽልማት ያበቃ ነው። ወደ ሥራ የተመለሰው ግን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ መከላከያ ባለበሱ እጆች ነው።

ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። በዚህ መስክ የሚወጡ ጽሑፎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎችን አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ ይዘረዝራሉ፤ የስሙ ተራ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር የለም። የጽሑፍ ብዛት ብቻ የሚቆጥር ገምጋሚም፣ በእኛ እምነት፣ ቱቦ ፈታሹን ይበድላል። ስለዚህ አመልካቾች ከምርምር ቡድኑ ሳይለያዩ የትኛውን የመሣሪያ ክፍል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ኃላፊነት እንደ ሠሩ በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ከአማካሪያቸው እንዲይዙ እንመክራለን። ዓመታት ካለፉ በኋላ ቡድኑ ሊበተን፣ አማካሪውም ወደ ሌላ ተቋም ሊዛወር ይችላል።