የያዮ ቡና ተመዝግቧል፤ ልጆቹስ?

በ2002 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። አንደኛው የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ መግባቱ ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋ ነው። የመጀመሪያውን የኢሉባቦር ሰው ሁሉ በኩራት ያወራዋል። ሁለተኛውን ግን ከሕግና ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ሰዎች በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ለደኑ ብዙ ተደክሞለታል። ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው ሥፍራ በሦስት ተከፍሏል፤ ይኸውም የማይነካው እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚሠራበት ዙሪያና ሕዝብ አርሶ የሚኖርበት ዳርቻ ነው። የጫካው ቡና ዘር እንዳይጠፋ ተጠንቷል፤ ተመርምሯል። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ዳርቻ ተወልደው ከሚያድጉት ልጆች መካከል ስንቱ ጥቁር ሰሌዳውን ማየት እንደሚቸግረው፣ ስንቱ የመምህሩን ቃል እንደማይሰማ፣ ስንቱስ ከቤቱ እንዳልወጣ በዚያው ትጋት ጠይቀናልን?

ያልታወቀ ልጅ አይረዳም። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲነሣ ሁላችንም ወደ ድጋፉ እንሮጣለን፤ ብሬል፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የመስሚያ መሣሪያ እያልን እንዘረዝራለን። ከድጋፉ በፊት ግን ምዘና አለ። የድጋፉም መበላሸት የሚጀምረው ከምዘናው መበላሸት ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያገኘው የአካል ጉዳተኛ ቁጥር ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደግሞ 16 በመቶው ከአንድ ዓይነት ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገልጿል። እኛ ከዓለም ሁሉ ተለይተን ጤና የታደልን ሕዝብ ነንን? አይደለም። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠያየቁ የመጣ ነው። ቆጣሪ ከደጅ ቆሞ «በቤታችሁ አካለ ጉዳተኛ አለ?» ሲል፣ አባት ስለ ቤተሰቡ ስም አስቦ «የለም» ይላል። እናትም ጆሮው የሚመግለውን ልጇን አካለ ጉዳተኛ ብላ አታስበውምና እውነቷን ነው።

ስለዚህም ነው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ስድስት ቀላል ጥያቄዎችን ያዘጋጀው። ጥያቄዎቹ የጉዳትን ስም አይጠሩም። መነጽር ቢያደርግም ማየት ይቸግረዋልን? መስማትስ? መራመድ ወይም ደረጃ መውጣትስ? ማስታወስ ወይም ልብ ብሎ መከታተልስ? ራሱን ማጠብና ልብሱን መልበስስ? በገዛ ቋንቋው መግባባትስ? መልሱም አራት ነው፤ አይቸግረውም፣ ትንሽ ይቸግረዋል፣ በጣም ይቸግረዋል፣ ጨርሶ አይችልም። አጠያየቁ ሲለወጥ ተደብቆ የነበረው ይወጣል።

በክፍል ውስጥስ? በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። በፈጣን ወንዞች ዳር የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ኦንኮሰርካይሲስ ቆዳን ያሳክካል፤ ሲከፋም ዓይንን ያጠፋል። አዮዲን ያነሰው ምግብ እንቅርት ብቻ ሳይሆን በማኅፀን ያለን ሕፃን አእምሮና ጆሮ ይጎዳል። ሳይታከም የከረመ የጆሮ መምገል መስማትን ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ያለፈው ልጅ ክፍል ሲገባ ታዲያ ምን ይባላል? «ሰነፍ»፣ «ደደብ»፣ «እልከኛ» ይባላል። በኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ በሦስተኛው ዓመት ቡና ለቀማ ይገባና አይመለስም። መዝገቡም «አቋረጠ» ብሎ ይዘጋበታል። ልጁ ግን አላቋረጠም፤ ያቋረጥነው እኛ ነን።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ምርመራ ውድ አይደለም። በስድስት ሜትር ርቀት የሚሰቀል የፊደል ሰንጠረዥ ፊደል ላልቆጠረም ልጅ በሥዕል ምልክት ይዘጋጃል። መምህሩ ከልጁ ጀርባ ቆሞ በሹክሹክታ የሚጠራቸው ቃላት መስማቱን በመጠኑ ይገልጻሉ። እነዚህ የሐኪምን ምርመራ አይተኩም፤ ማን ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ግን ይነግሩናል።

ወንድሞችና እህቶች፤ ምዘና የራሱ አደጋ እንዳለው ደግሞ መዘንጋት የለብንም። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሲሞን ጋር የመጀመሪያውን የአእምሮ መመዘኛ ያወጣው ተጨማሪ እርዳታ የሚሹትን ልጆች ለማወቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን መመዘኛው በብዙ አገር ልጆችን ለመለየትና በር ለመዝጋት ዋለ። በእኛም ዘንድ እንዲህ እንዳይሆን ያሠጋል። አፉን በኦሮምኛ የፈታ የያዮ ልጅ በአማርኛ ወይም ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ፈተና ቢመዘንና ቢወድቅ፣ የወደቀው ልጁ ነው ወይስ መዛኙ? ባቡርና በረዶ አይቶ የማያውቅን ልጅ የባቡርና የበረዶ ሥዕል አሳይቶ «አእምሮው ደካማ ነው» ማለት ድንቁርና እንጂ ሳይንስ አይደለም።

እንግዲህ የምዘናው ፍጻሜ ስም መለጠፍ ሊሆን አይገባም። ምዘናው ሲያልቅ መምህሩ በነገው ቀን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። ይኸን ልጅ በፊተኛው ወንበር፣ በደህና ጆሮው በኩል አስቀምጠው፤ ለዚህችኛዋ በጉልህ ጻፍላት፤ ስትናገር ወደ ሰሌዳው ዞረህ አትናገር፤ ትእዛዙን ከፋፍለህ ስጥ፤ ለፈተና ጊዜ ጨምርላት፤ እግሩ ለማይታዘዝለት ክፍሉን ወደ ምድር ቤት አውርድ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ከመንግሥት በጀት አንዲት ሳንቲም አይጠይቅም።

የሚጠይቅም አለ። የያዮ ዓይነ ስውር ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብሬል እንዲጽፍና እንዲያነብ ይጠበቅበታል፤ ስሌትና ስታይለስ፣ ወረቀትና የሠለጠነ መምህር ያስፈልገዋል። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ በምልክት ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው በሌለበት ክፍል መቀመጡ ብቻ አካቶ ትምህርት አይባልም፤ በሰው መካከል ብቸኛ ማድረግ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የተመራቂዎቹ ድካም ግን እስከ ወረዳ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት።

ጥንት ለዓይነ ስውራን የትምህርትን በር የከፈቱት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ በኋላም እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ያሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለብዙዎች ብርሃን ሆኑ። በወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ከወሎ እስከ ሻሸመኔ የሚወስደው ዘመድ ላላገኘው ልጅስ? ትምህርት ለማግኘት ከአገሩና ከእናቱ መለየት የማንም ልጅ ዕዳ መሆን የለበትም። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከሌሎች እኩል መማር እንዲችሉ የሚያዘውም ስለዚህ ነው።

«አገሩ ድሃ ነው፤ ለጤናማውም መጽሐፍ አልበቃም» የሚል እናገኛለን። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን መጽሐፍ ላነሰው ክፍል መፍትሔው መጽሐፉን ማካፈል እንጂ ግማሹን ተማሪ ማስወጣት አይደለም። ሳይማር የቀረው ልጅ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በወገኖቹ ትከሻ እንዲኖር የምንፈርድበት እኛው ነን፤ ያም ወጪ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ራሳችን ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ብዙ ወንፊት ያለፈ ነው። እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ሰጥተን፣ በፎቶ ኮፒ የደበዘዘ ጽሑፍ አድለን፣ ነገ ፈተና ነው እንለዋለን። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ ለማስተማር ልምምድ ወደ ያዮ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች የምንሄድ ተማሪዎች ስድስቱን ጥያቄዎችና የዓይን ሰንጠረዡን ይዘን እንሂድ። ያገኘነውንም ለመምህሩና ለወላጅ በምሥጢር እንንገር እንጂ የልጆች ስም በግድግዳ አንለጥፍ።

ሁለተኛ፤ የማስተማሪያ ጽሑፎችን በድምፅ እየቀዱ ለዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን የሚያቀርቡ አንባብያን በየክፍሉ ይመደቡ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለማንም አይከብድም።

ሦስተኛ፤ የተከበራችሁ መምህራን፣ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት «ለመማር ምን ያስፈልግሃል? ምን ያስፈልግሻል?» ብላችሁ በግል ጠይቁ፤ ጽሑፉንም ከትምህርቱ ቀን አስቀድማችሁ ስጡ። ጠይቆ ያወቀ መምህር ግማሹን ምዘና ጨረሰ ማለት ነው።

በሚመጣው የማኅበራችን ስብሰባ እነዚህ ሦስት ነጥቦች በአጀንዳ ተይዘው ኃላፊ እንዲመደብላቸው እናሳስባለን። የያዮን ደን ለመጠበቅ ዓለም ተባብሯል። በደኑ ጥላ ሥር የሚያድጉትን ልጆች ለማወቅና ለማስተማር ግን የውጭ አገር ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ።